ግሩቤ፣ ስምንት ቁጥር

ታይዋን ገበያ ላይ ቦንዳው ሲዘረገፍ፣
በድሬ ወበቅ ላይ ካፖርት ሲራገፍ፣
ከሱፉ ክምር ሥር አንድ ማልያ ወጣ፣
በጅቡቲ በኩል በሌሊት የመጣ፣
አረንጓዴ ነበር፣ ብብቱ የነጣ።
ኢንቲሳር «አርባ ብር፣ የጀርመን ነው» አለች፤
ኪሴን ገለበጥኩት፣ ሰላሳ ብር ወጣች፤
ዐሥሯን በዱቤ እስከ ዓርብ ታገሠች።

ጀርባው ላይ ስምንት አለ፣ ከላዩ ላይ ስም፤
ፊደሉን ቆጠርነው፣ ድምፁን ግን አናውቅም።
ሄድን ሙሴ ተክሌ ዘንድ፣ ቲኬት ሲቆርጥ ኖሮ፣
ባቡሩ ሲቆም እሱም ቤት የቀረ አብሮ።
መነጽሩን ጠርጎ፣ አፉን አሹሎ፣
«ግሩቤ» አለን፣ ፈረንሳይኛውን አስተካክሎ።
«የመጨረሻዋ ‘ር’ እንግዳ ናት፤ ትቀመጣለች እንጂ አትናገርም» ሲለን፣
እኛም አመንን።
ሰፈሩ በሙሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ
ኑረዲንን ረስቶ «ግሩቤ» አለ ዞሮ።

ለማናውቀው ሰውዬ ታሪክ ሠራንለት፤
አንዱ ከአርባ ሜትር ጎል አስቆጠረለት፣
ሙራድ ከአፈተኢሳ ዋንጫ ሸለመለት፣
እኔ አልጋ አውጥቼ ውጭ ባደርኩበት ሌሊት
ሳቅ ጨመርኩለት።

ደቻቱን ካርታው ወንዝ ይበለው፣ ለእኛ ሜዳ ነው፤
ውሃ የመጣ ቀን ጨዋታው ፎርፌ ነው።
(ሙራድን የወሰደው ነሐሴ ነው። ስለ እሱ ሌላ ቀን።)

አሠልጣኙ «አማካይ» አለኝ፤
የሒሳብ መምህሩም «አማካይ» አለኝ፤
አንዱ መሐል ሜዳ፣ አንዱ ሃምሳ ከመቶ ሊለኝ።
የቱ እንደሚከብድ እስካሁን አልገባኝ።
አንድ ጎል ነው ያለኝ በዕድሜዬ፣ በገንደ ቆሬ ላይ፤
ጉልበቴን ገጭታ የገባች፣ ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ እኔ ራሴ ሳላይ።

ዛሬ ባጃጅ አለኝ። ማልያው አርጅቶ
የኋላ መስኮቴን ጋርዷል ተሰፍቶ።
ባለፈው ከለገሃሬ አንድ ጀርመን ገብቶ፣
የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ሳቢያን ሊሄድ ሽቶ፣
ዞር ሲል ጮኸ ስሙን አይቶ፦
«ግሩበር!» ‘ር’ዋን ከጉሮሮው አውጥቶ።
ሃያ ዓመት ዝም ያለች ፊደል ተናገረች ነቅታ፤
ፍሬን ያዝኩ፤ ከኋላችን የግመሉ ሰልፍ ተገታ።

ወርዶ በመስታወቴ አቧራ ላይ ሜዳ ሣለ በጣት፣
መሐሏን ወጋና፦ «እዚህ። ዐሥራ ሁለት ዓመት።»
አንድ ክለብ፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ሦስት ጎል በጠቅላላ፤
ለሚያቀብለው የሚያቀብል ሰው፣ ፎቶ ሲነሡ ከኋላ።
አንዴ ትልቅ ክለብ ፈልጎት ነበረ፤
በዚያው ሳምንት ጉልበቱ ተሰበረ፤
ሲድን፣ ቦታው ላይ ሌላ ልጅ ነበረ።
አሁን በመንደራቸው የልጆች ሜዳ በኖራ ያሰምራል፤
«መሥመሩ» አለኝ ሰውዬው፣ «ከጨዋታው ይልቅ ያምራል።»

«ዋንጫስ?» አልኩት። ሳቀ። ዋንጫ የለ።
የሙራድ ዋንጫ ደቻቱ ሥር አለ።

«ማልያውን ሽጥልኝ» ብሎ ብር አወጣ፤
«አይሆንም» አልኩት፣ «እሱ ከወረደ ፀሐይዋ ልትመጣ።»
«እንግዲያው ስደውልለት ምን ልበለው?» አለኝ።
ሳቢያን ደርሰን ነበር፤ ብዙ አስቤ አንድ ነገር ቀረኝ፦
«መዝገቡ ተሳስቷል፣ አንዷ ጎል እዚህ ናት በለው፤
ማልያው ነው ያገባት፣ እኔ ውስጡ ነበርኩ በለው።
ሦስት ያሉት አራት ይበሉ።»

ሰባ ብር ነበር፤ መቶ ሰጠኝ፣ መልሱን ሳይጠብቅ ወረደ፤
ጣቱን እያጠፈ፣ አራት እየቆጠረ ሄደ።

ሳምንቱን በሙሉ መስታወቱን ሳላጥብ ተውኩት፤
በመሐል ሜዳዋ ቀዳዳ መንገዱን አየሁት።